የኮምፔንሳቶ ቁልፍ

አጎቴ ትራምፔቱን የሚነፋው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ፊት ለፊቱ ይቆምና የትራምፔቱን አፍ በእናቴ የክረምት ካፖርትና ከአባቴ በተረፈው ሙሉ ልብስ መሃል ሰክቶ፣ መዝጊያዎቹን በሁለት ትከሻው ገጥሞ ይነፋል። በረንዳ ላይ ሆኖ ለሚሰማው፣ ትራስ አፉ ላይ የተደፋበት ሰው የሚጮህ ይመስላል። ዘዴው የእናቴ ነው። የኋላውን ክፍል የተከራየችን ነርስ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች፤ ኪራይዋን ደግሞ ወር ሳይሞላ ትከፍላለች፤ ስለዚህ በቤታችን ከእሷ እንቅልፍ በላይ የሚከበር ነገር የለም። ሬዲዮናችን የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ከመክተፊያው ሥር ፎጣ ታነጥፋለች። አጎቴም፣ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ እሺ ብሎ ጠዋት ጠዋት የሟች ኮት ላይ ይነፋል። ኮቱ ከሁላችንም የበለጠ ሙዚቃ ሰምቷል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እናቴ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆማ በዝግታ ታናግረዋለች። ቃሏ አልተሰማኝም፤ የሰማሁት የእሱን መልስ ብቻ ነው። «ብያለሁ እኮ እትዬ፤ እሺ ብያለሁ» አለ፣ ትራምፔቱን ከልብሱ መሃል ሳያወጣ። እናቴ እኔን ስታይ ወዲያው ስለ ብል ማውራት ጀመረች፤ ካፖርቷን ብል ሊጨርሰው ነው። ምን እያላችሁ ነው ብላት ምንም አለችኝ። በእኛ ቤት «ምንም» ማለት አንድ ነገር አለ፣ አንቺን ግን አይመለከትሽም ማለት ነው። ቸኩዬ ስለነበር ተውኩት።

ቀኑ የእኔም የእሱም ቀን ነበር። የምሠራው በከተማው ባህል ቢሮ፣ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው፤ በኮንትራት። ሁለት ዓመት የለፋንበት የኪነ ጥበብና የባህል ድጋፍ የአሥር ዓመት ዕቅድ በዚያን ቀን ሆቴል ውስጥ ሊጸድቅ ነው፤ ሲጸድቅም ቋሚ እንደምሆን ኃላፊው ነግሮኛል። አጎቴ ደግሞ የመለማመጃ አዳራሹን መልሶ ሊረከብ ነው። አዳራሹ ከገበያው ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ድሮ የማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ይለማመድበት የነበረ ቤት ነው። ጓዱ ሲበተን አጎቴና ድራም የሚመታው ጓደኛው ወለሉን እየጠረጉ፣ የተሰበረውን መስኮት በካርቶን እየደፈኑ፣ የመጣውን ሁሉ በነፃ ሲያስተምሩበት ኖሩ። ከዚያ የእኛ ዕቅድ መጣ። ጥናቱ ወንበር ነበረው፣ ባነር ነበረው፣ በሲባጎ የታሰረ ቁልል መጠይቅ ነበረው፤ ማስቀመጫ ጠፋና አዳራሹ ላይ ጓጉንቸር ገባበት። ለአጭር ጊዜ ነው ተባለ። የጥበብ ሰዎችን እንዴት ብንደግፋቸው ይሻላል ብለን ያስሞላነውን ወረቀት የምናስቀምጥበት ስላጣን የጥበብ ሰዎቹን አስወጣን። በጊዜው ይህን እንደ ቀልድ ያየው ሰው አልነበረም፤ መጠይቁን ካዘጋጁት አንዷ እኔ ነኝ፣ እኔም አላየሁትም። ኃላፊው ዕቅዱ በሚጸድቅበት ዕለት ቁልፉ በሕዝብ ፊት ለአጎቴ ይሰጣል ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን ይዤ ቤት ገባሁ፤ አጎቴ ለተማሪዎቹ ነገራቸው። ከዚያ ሁሉ የመቶ ሠላሳ ገጽ ዕቅድ እኛ ቤት የሚጠበቀው አንድ በር ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ማስታወቂያ ሠሪው ዘንድ ነው፤ ቁልፉን ላመጣ። የእኛ ሹማምንት የሚሰጡትን ነገር ካላገዘፉት የሰጡ አይመስላቸውም። ቼክ ከሆነ የጠረጴዛ ስፋት ያክላል፣ ቁልፍ ከሆነ የሕፃን ልጅ ቁመት። ይህኛው ከኮምፔንሳቶ ተቆርጦ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ ቢያቆሙት ደረቴ ጋ የሚደርስ ነው። ያዘዝኩት እኔ፤ ወርቅማ ይሁን ያልኩትም እኔ። ዋጋው ነርሷ ለእኛ የምትከፍለውን የወር ኪራይ ያክላል። አጎቴ ለአዳራሹ ጣሪያ ማስጠገኛ ከዚህ ያነሰ ሲጠይቅ የበጀት ርዕስ የለውም ተብሎ ተመልሷል፤ ቁልፉ ግን «ኅትመትና ማስተዋወቅ» በሚለው ርዕስ ሰተት ብሎ ገባ። ማስታወቂያ ሠሪው ቀለሙ ገና እርጥብ መሆኑን፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ እንድይዝ ነገረኝ። በሩንም እኔ ልሥራው ወይስ በር አላችሁ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሳቅኩለት። የታክሲው ረዳት ደግሞ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች አይቶ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። ዕቃ እኮ ነው አልኩት። «ወንበር ከያዘ ሰው ነው» አለኝ። ከፈልኩ፤ ቁልፉም እንደ ሙሽራ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ሄደ።

የሆቴሉ አዳራሽ የምንጣፍ ሳሙናና የትናንት ጥብስ ይሸታል። በየወንበሩ ላይ ቦርሳ፣ በየቦርሳው ውስጥ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የመጡት ባለድርሻ አካላት ይባላሉ። አብዛኞቹ ከሌላ ቢሮ የተላኩ፣ አበል ፈርመው ለመሄድ ቀድመው በር በር የሚያዩ ሰዎች ናቸው፤ የጥበብ ሰዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ከምሰሶው ኋላ፣ መድረኩ የማይታይበት ቦታ ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ አማካሪው ዕቅዱን ያቀርባል። አማካሪው ዕቅዱን ለእኛ ከመጻፉ በፊት ለሌላ ከተማ ጽፎት ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲመጣ የወደቡን ቲያትር ማደስ ይላል። ወደብ የለንም። ያለን በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ባሕሩን እያወጣሁ ወንዙን ሳስገባ ከረምኩ፤ ያም ሆኖ አንድ «የዓሣ አጥማጆች ጭፈራ» አምልጦኝ ማውጫው ላይ ታትሟል። እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ ያነበበ የለማ። አራተኛው ምዕራፍ ግን የእኔ ነው። ከገበያው ጀርባ ያለው አዳራሽ ለሙዚቀኞች መለማመጃነት ይለቀቃል የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ በዓይኔ ስላየሁት ቤት የተጻፈው እሱ ብቻ ነው፤ አማካሪው እዚያ ሲደርስ ስላይዱን ቶሎ አሳለፈው።

የመክፈቻ ሙዚቃ የእነ አጎቴ ድርሻ ነበር። ሦስት ሆነው መጡ። አጎቴ ከቁም ሳጥኑ የወጣውን የአባቴን ኮት ለብሷል። ድራም መቺው ጓደኛው ነጎድጓድ ይባላል፤ ቀጭንና ዝምተኛ ስለሆነ ነው ያሉት። ሦስተኛዋ ከአጎቴ ተማሪዎች ትልቋ፣ ትሮምቦን የምትነፋ፣ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ የሆነች ልጅ ናት፤ ለዚህ ስትል የአንድ ቀን ፈቃድ ወስዳለች። የድምፅ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ በትሕትና አስረዳቸው። አዳራሹ ያስተጋባል፣ ቴሌቪዥኖቹ የጠራ ድምፅ ይፈልጋሉ፣ ምክትል ከንቲባው ደግሞ ራሳቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ የተቀዳ ሙዚቃ ይለቃል፤ እነሱ መሣሪያቸውን ይዘው ይነፋሉ፤ ድምፅ ግን እንዳያወጡ።

«ጉንጭ ብቻ?» አለ አጎቴ።

«ጉንጭ ብቻ፣ አባት።»

ነጎድጓድ እሱ በጉንጩ እንደማይመታ ተናገረ። ባለሙያው ትንሽ አሰበና የድራሙን ዱላዎች ጫፍ በሆቴሉ የጨርቅ ናፕኪን ጠቅልሎ በላስቲክ አሰረለት። ልጅቷ ይህን ብታውቅ ኖሮ ፎቶዋን በስልክ ትልክ እንደነበር፣ ፈቃዷን በከንቱ እንዳቃጠለች አጉተመተመች። እኔም በኃላፊነት ስሜት መሃል ገብቼ ለዛሬ ብቻ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ይዘን እንሄዳለን አልኳቸው። ሙዚቃው ተለቀቀ። ቅጂው ውስጥ ቫዮሊን አለ፤ መድረኩ ላይ ቫዮሊን የለም፤ ማንም ግራ አልተጋባም። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ጣቶቹን እያመላለሰ፣ ለትንፋሽ በሚቆምበት ቦታ ቆሞ፣ የሌላ ሰው ትራምፔት ሳይነፋ ነፋ። አንድም ቦታ አልሳተም። ከሁሉ የከፋው ጎበዝ መሆኑ ነው። ዝም ማለትን እኛ ቤት፣ በእናቴ ካፖርት ላይ፣ በሚገባ ተለማምዶት መጥቷል።

በሻይ ዕረፍት ኃላፊው ከምክትል ከንቲባው ረዳት ጋር ብስኩት የተደረደረበት ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ያወራል። በኋላቸው ሳልፍ ጠረጴዛ ትናንት እንደገባ፣ ወንበሮቹ ነገ እንደሚገቡ፣ ቦታው ለገበያው ቅርብ ስለሆነ ለሠራተኛው ምሳ እንደሚመች ሲነግረው ሰማሁ። ኃላፊው ሲያወራ ፍርፋሪ ከከንፈሩ ጥግ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ወይ አይወድቅ ወይ አይዋጥ። ረዳቱ እስኪሄድ ጠብቄ የቱ ቤት ነው ጠረጴዛ የገባበት አልኩት። ከገበያው ጀርባ ያለው አለኝ፣ ሰዓት የጠየቅሁት ያህል። የዕቅዱ ማስፈጸሚያ ጽሕፈት ቤት እዚያ ይሆናል።

«ያ አዳራሽ እኮ ነው ዛሬ ለሙዚቀኞቹ የሚሰጠው» አልኩ።

«ቁልፉ ይሰጣቸዋል» አለ። «ቢሮ ሳይኖር ዕቅድ ይፈጸማል እንዴ፣ የኔ እህት?»

«አራተኛው ምዕራፍ ላይ ለእነሱ ይለቀቃል ይላል።»

«ይላል። ማን ሰረዘው? የአሥር ዓመት ዕቅድ ነው፤ በስንተኛው ዓመት እንደሚለቀቅ ግን አልጻፍሽም።»

አላፈረም፤ ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ጣቱን በጠረጴዛው ልብስ ጠርጎ፣ ከዕረፍት በኋላ ቁልፉን ወደ መድረክ ይዤ የምወጣው እኔ መሆኔን አስታወሰኝ። ቤተሰብ ስለሆንኩ ስሜት ይኖረዋል አለ። የቋሚነት ደብዳቤዬም በዚህ ሳምንት እንደሚደርሰኝ ጨመረልኝ፤ ፊቴን ፈታ እንዳደርግ መክሮኝ ሁለተኛ ብስኩት አነሳ። እዚያው ብስኩቱ ፊት ቆሜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ሳሕኑን በፊቱ ልደፋበት ሁሉ አሰብኩ። ያደረግሁት ግን አጎቴን ፍለጋ መሄድ ነው።

አጎቴን ያገኘሁት ወደ ወጥ ቤቱ በሚወስደው ኮሪደር ውስጥ፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው። የትራምፔቱን ምራቅ ማፍሰሻ ተጭኖ ወደ መሬት ዘንበል አድርጎታል፤ ሲነፋ የዋለ ሰው እንደሚያደርገው። ምንም አልወጣም። አላስተዋለውም፤ መልሶ ተጫነው። ነገሩን ሳላሳምር ነገርኩት። አዳራሹ ቢሮ ሆኗል፣ ጠረጴዛ ገብቷል፣ የሚሰጡህ እንጨት ብቻ ነው፣ መድረክ ላይ አትውጣ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ትናንት በዚያ ሲያልፍ የአዳራሹ ጥበቃ ብቻውን ጠረጴዛ ሲጎትት አግኝቶት አግዞት ነበር። በአንድ በኩል ጥበቃው፣ በአንድ በኩል አጎቴ ይዘው፣ በበሩ አልገባ ሲል አዙረው አስገብተውታል። ጥሩ እንጨት ነው አለኝ፣ ከባድ ነው። ማታ ቤት ገብቶ ለእናቴ ነግሯታል። ለእኔ ያልነገርከኝ ለምንድን ነው ስለው ትራምፔቱን አፈፍ አድርጎ በኮቱ እጅጌ መወልወል ጀመረ።

«እናትሽ ለመነችኝ» አለ። «ዛሬ አንተ ብትቀር ነገ ልጄ ከሥራዋ ትቀራለች አለች። የልጄን ጉሮሮ አትዝጋ አለችኝ። እኔ ምን እላታለሁ? በቤቷ ነው ያለሁት።»

ተማሪዎችህስ አልኩት። እነሱ ልጆች ናቸው፣ ይናደዱና ይበርድላቸዋል አለ። እንዲህ ሲል አላየኝም። እኔም አላየሁትም። ሁለታችንም የምናየው ከወጥ ቤቱ በር ሥር የሚፈስሰውን ቆሻሻ ውሃ ነው። በእኔ ስም ስምምነት ተፈርሞ አድሯል፤ አስፈራሚዋ እናቴ፣ ፈራሚው እሱ፣ ተጠቃሚዋ እኔ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝ ደግሞ ምን እንደምል በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር፤ ይሄኛው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ከአዳራሹ ስሙ ተጠራ። ተነሣ፤ ኮቱን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጎ አስተካከለና ሄደ። እኔም ቁልፉን ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ተከተልኩት።

ምክትል ከንቲባው ዛሬ ለጥበብ በር ተከፈተ አሉ። ጥበብ የሌለው ሕዝብ ድምፅ እንደሌለው ሰው ነው አሉ፤ ይህን ሲሉ ከጎናቸው ናፕኪን የታሰረባቸውን ዱላዎች የያዘው ነጎድጓድ ቆሟል። ከዚያ ቁልፉን ከእኔ በሁለት እጃቸው፣ መሃል መሃሉን ጨምድደው ተቀበሉኝ። ቀለሙ እርጥብ ነው ልላቸው እችል ነበር። ፎቶ አንሺዎቹ እንደገና፣ እንደገና ስላሉ ቁልፉ ሦስት ጊዜ ተሰጠ፤ አጎቴም ሦስት ጊዜ ዝቅ ብሎ ተቀበለ። ምክትል ከንቲባው መዳፋቸውን ሲያዩ እስከ አንጓቸው ድረስ ወርቅ ሆኗል። መጥረጊያ ፈልገው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ አጎቴን አቀፉት። ረዥም ማቀፍ ነው፤ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል፣ መዳፋቸውን እያገላበጡ ደግመው ያሹታል፤ ሲለቁት እጃቸው ንጹሕ ነበር። የአባቴ ኮት ጀርባ ላይ አሥር ጣት ወርቅ ቀርቷል። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ከምሰሶው ኋላ የፋርማሲዋ ልጅ ብቅ ብላ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አፏጨች፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰተ ሰው ፊት ማየት የጠላሁበት ሌላ ቀን የለም።

ዕቅዱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ልጅቷ ምሳ እንኳ አልጠበቀችም፤ አሁኑኑ እንሂድ፣ ወለሉን ጠርገን ማታ እንለማመድ አለች። አጎቴ ድካምን ሰበብ አደረገ፣ ነገ ይደርሳል አለ፤ እሷ ግን ቁልፉን ከእጁ ወስዳ ትከሻዋ ላይ እንደ አካፋ አጋድማ ወጣች። እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ነበረኝ፤ ከሆቴሉ እስከ ገበያው ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ነበረኝ። ልጅቷ በመንገድ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የጣሪያውን ቀዳዳ በምን እንደምትደፍን ስታወራ ሄደች። ነጎድጓድ በየመሃሉ እህ ይላል። አጎቴ ከኋላ ቀርቷል፤ ገበያተኛው የኮቱን ጀርባ እያየ ይሳሳቃል።

አዳራሹ ጋ ስንደርስ ጥበቃው ከወንበሩ ተነሣ። ልጅቷ ቁልፉን አቁማ በቀልድ ሰላምታ ሰጠችው፤ ክፈትልን፣ ተረክበናል አለች። ጥበቃው ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ አጎቴን አየ። «ጋሼ፣ ትናንት አብረን ጠረጴዛውን...» አለና ተወው። ልጅቷ ትናንት ምን ብላ ጠየቀች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ካርቶኑን ገለጥ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች። እኔ ሳላይም አውቀዋለሁ፤ ግን ሄጄ አየሁ። በመሃል ሰፊ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ ተሽከርካሪ ወንበር ተገልብጦ ተጭኗል። ድራሙ ይቀመጥበት በነበረው ከፍታ ላይ መጠይቆቻችን እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል፤ የታችኞቹ በፍሳሹ ርሰው አብጠዋል፣ ሽታቸው በስንጥቁ ይወጣል። ያ ሁሉ ሰው፣ መለማመጃ ቦታ ስጡን ብሎ የጻፈው፣ መለማመጃ ቦታው ውስጥ ሻግቷል።

ልጅቷ ካርቶኑን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። አልጮኸችም። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር ማለት ነው» አለች፤ ያየችው አጎቴን ነው፣ ቀጥሎ እኔን። «ያላወቅነው የምናጨበጭበው ብቻ ነን።» ነጎድጓድ መሬት መሬት እያየ ላም አለኝ በሰማይ አለ፤ ቀሪውን ማንም ስለሚያውቀው አልጨረሰውም። ልጅቷ ቁልፉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትሮምቦኗን አነሣች። መዳፏን በሱሪዋ ጠረገች፤ ቀለሙ አልለቀቃትም።

«ነገ አልመጣም፣ ጋሼ» አለች።

«ወዴት ትመጪያለሽ?» አለ አጎቴ።

እሷም ነጎድጓድም በየፊናቸው ሄዱ። ቁልፉን ተሸክሜ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ።

እናቴ በር ላይ ጠብቃ ተቀበለችን። ቁልፉን ስታይ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነርሷ ትዝ ስላለቻት መልሳ ዘጋችው። የኮቱን ጀርባ ስታይ ደግሞ ፊቷ ተለወጠ፤ አውልቅ ብላ ወስዳ በጋዝ ፈተገችው፣ ቀለሙ ግን ተስፋፍቶ ጥላ ሆነ እንጂ አልወጣም። ያልሽውን ነግሮኛል አልኳት። ስለ ምኑ አለች። ስለ ጉሮሮዬ አልኩ። መፈተጓን ቀጠለች። እኔ አልጠየቅሁሽም ስላት እናት ተጠይቃ አታውቅም አለችኝ። ጋዙ ቤቱን ሞላው። አጎቴ በሸሚዝ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ መሃል ከቷል፤ ጥፍሩ ዙሪያ ወርቅ አለ።

ዜናው ሲጀምር ነርሷ ለተራዋ ልብሷን ለብሳ ወጣች፤ እናቴም ነይ እይ ብላ አስቀመጠቻት። ቴሌቪዥኑን በቀን ከምንከፍተው በላይ ከፍ አደረገችው። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ በሰው ትራምፔት ቤቱን ሞላው። ነርሷ እስኪያልቅ ድረስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች።

«እንዲህ ይነፋሉ እንዴ፣ ጋሼ?» አለች። «ምነው ቤት ውስጥም እንደዚህ ቢነፉ? እኔን እኮ የሚረብሸኝ ያ የሚያቃስተው ነገር ነው።»

አጎቴ እሺ አላት። በትክክል እሺ ነው ያለው። እናቴ ሳቀች፤ ነርሷም ሥራ እንዳይረፍድባት ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች። እናቴ ቁልፉን በንጹሕ አንሶላ ጠቀለለችው። ሳሎኑ ውስጥ ቀለሙን ፀሐይ እንዳይነካው፣ እንግዳ እንዳይነካካው ብላ ወዴት እንደምታስቀምጠው ጥቂት ዞር ዞር አለችና ወደ ውስጥ ይዛው ገባች።

ስልኬ ጮኸ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ቁልፉ በእኔ ፊርማ ስለወጣ ነገ ጠዋት በእኔው እጅ እንድመልሰው፣ ቀለሙ እንዳይላጥ እንድጠነቀቅ ነገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሠዓሊዎቹ ይሰጣል። የየትኛው ቤት ቁልፍ ሆኖ ነው የሚሰጣቸው አልኩት። እሱን አላውቅም፣ እኔ ንብረት ክፍል ነኝ አለኝ፤ እውነቱን ነው። አያይዞም ኃላፊው በሪፖርቱ ላይ አዳራሹን ባለሙያዎቹ ተረክበዋል የሚለውን እንዳልረሳ ማለቱን፣ ደብዳቤዬም ወጪ መዝገብ ክፍል መድረሱን ነገረኝ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ጻፍኩት። ነጥብ ካደረግሁበት በኋላ ጣቶቼን ሸተትኳቸው፤ ቀለምና ጋዝ ይሸታሉ፣ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤያለሁ።

ነርሷ የለችም፤ አጎቴ ሳሎን መሃል ቆሞ፣ መስኮት ከፍቶ፣ መንደሩ እስኪሰማው መንፋት ይችል ነበር። ትራምፔቱን ይዞ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ግን የትራምፔት ድምፅ አልመጣም። ቀና ስል ሁለቱን መዝጊያዎች በትከሻው ይዞ እንደቆመ ነው። የአባቴ ኮት በነበረበት ቦታ፣ ከእናቴ ካፖርት አጠገብ፣ ነጭ አንሶላ የለበሰው ቁልፍ ከመሳቢያው በላይ እስከ አጎቴ አፍ ትክክል ቆሟል። ትራምፔቱን ወደ ግራ ሞከረው፣ ወደ ቀኝ ሞከረው። ነሐሱ ከኮምፔንሳቶው ጋር ተንኳኳ። እናቴ ከወጥ ቤት ቀስ በል፣ ቀለሙን ትልጠዋለህ አለችው።

«መቼ መልሽው አሉሽ?» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

«ነገ ጠዋት።»

«በጊዜ ውሰጂው» አለ። «ቦታ ይዞብኛል።»